የልብስ ሳሙና እቤት መሥራት የሚያዋጣው ዘይቱ ካልተገዛ ነው

አዲስ የምግብ ዘይት ገዝቶ ሳሙና መሥራት ብዙ ጊዜ ልፋት ነው፤ ወጪው ሲደመር ከሱቁ ሳሙና እምብዛም አይረክስም። የሚያዋጣው ሳምቡሳና ድንች ተጠብሶበት የተረፈ ዘይት፣ ወይም በበዓል ሰሞን ከቅርጫ የሚተርፍ ሞራ ሲኖር ነው። ያኔ የሚገዛው ኮስቲክ ሶዳ (ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኃይለኛ ኬሚካል) ብቻ ይሆናል።

የተጠበሰበት ዘይት መጀመሪያ በጨርቅ ይጠለል። ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ በእኩል ውኃና በአንድ ማንኪያ ጨው አፍልታችሁ አሳድሩት፤ ላይ የተንሳፈፈውን ብቻ ውሰዱ። ከዚያ መንጣጣቱን እስኪተው በለስላሳ እሳት አሙቁት፤ ውስጡ የቀረ ውኃ ልኩን ያዛባል። ሞራ ደግሞ ተከትፎ፣ በዝግታ ቀልጦ ይጠለላል።

ልኩ በሚዛን እንጂ በብርጭቆ አይሆንም። ለ1 ኪሎ የሚረጋ ዘይት ወይም ሞራ 138 ግራም፣ ለ1 ኪሎ የሱፍ ዘይት 130 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል። ፈሳሽ ዘይት ብቻውን ለስላሳና ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ስለሚያወጣ፣ 600 ግራም ዘይት ከ400 ግራም ሞራ ጋር ቀላቅሉ፤ ለዚህ 133 ግራም ኮስቲክና 320 ግራም ውኃ ያስፈልጋል። እርጥቡ ሳሙና 1 ኪሎ ከ450 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሲደርቅ ይቀንሳል።

አሁን ጥንቃቄው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ሥራው ደጅ ይሁን፤ ልጆች አይጠጉ። ኮስቲኩ ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ውኃ በኮስቲክ ላይ ከፈሰሰ ግን ፈልቶ ይፈናጠራል። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ኮስቲኩ ይበላዋል፣ የሚነድ ጋዝም ይወጣዋል። ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ። ቆዳ ላይ ከነካ ኮምጣጤ ሳትፈልጉ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውኃ እጠቡ። ዓይን ከነካም ወዲያው በውኃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ኮስቲኩ የተጨመረበት ውኃ በጣም ይግላል። እሱም የቀለጠው ዘይትም ወደ 40–45 ዲግሪ ሲወርዱ፣ የኮስቲኩን ውኃ ቀስ አድርጋችሁ ዘይቱ ላይ እያፈሰሳችሁ በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። በእጅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰለቸው። እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ከማንኪያው የተንጠባጠበው ላዩ ላይ መስመር ሲተው ደርሷል። ፕላስቲክ በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን አፍስሳችሁ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቁረጡ፤ ሳይደነድን ነው በቀላሉ የሚቆረጠው። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ለ4 ሳምንት ይቆይ።

ዘይት ላዩ ላይ ተለይቶ ከቆመ በቂ አልተማሰለም፣ ወይም ኮስቲኩ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ደክሟል (ክዳኑ ላልቶ የከረመ ኮስቲክ ሲመዘን ከባድ፣ ሲሠራ ግን ደካማ ነው)። ሲቆረጥ እንደ ጠመኔ የሚፈረካከስ ከሆነ ኮስቲክ በዝቶበታል፤ እጅም ልብስም ይጎዳል። ላዩ ላይ የሚታይ ስስ ነጭ ዱቄት ግን ጉዳት የለውም፤ ፍቃችሁ ተጠቀሙ።

ውኃው የጉድጓድ በሆነበት ሰፈር ሳሙናው ብዙ ጊዜ አረፋ አልወጣ ብሎ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ውኃው ካልሲየም ስለበዛበት ነው። ከሳሙናው በፊት በአንድ ሳፋ ውኃ ሁለት ማንኪያ የማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት እንጂ ኮስቲኩ አይደለም) አሟሙ። ከሌለ ቤኪንግ ሶዳን ስስ አድርጎ በ200 ዲግሪ ምድጃ ለአንድ ሰዓት መጋገር ወደዚያው ይለውጠዋል፤ ትሪው ግን አሉሚኒየም አይሁን።

ሱፍና ሐር በዚህ ሳሙና አይታጠቡም፤ ክራቸው ይጎዳል። ለነጠላና ለጋቢ ደግሞ እንዶድ አሁንም ይሻላል፤ እጣቢውን ግን ወንዝ አትድፉ፣ ዓሣ ይገድላል።