የሞላ ፉርጎ የሚደብቀው፦ በተመላላሽ ባቡር ላይ ተሳፋሪና ብስክሌት አቆጣጠር

በአንድ የጠዋት ባቡር ላይ የተጫኑት ብስክሌቶች በሦስት ተከታታይ ዓመታት 70፣ 71 እና 72 ሆነው ተቆጠሩ እንበል። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው «የብስክሌተኛው ቁጥር ማደጉን አቁሟል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ባቡሩ የሚይዘው 72 ብስክሌት ብቻ ከሆነ ግን የተቆጠረው የማቆሚያው ብዛት ነው። በዚያው ሦስት ዓመት ቦታ አጥተው በር ላይ የቀሩት 4፣ 11 እና 23 ከሆኑ፣ ሊሳፈር የመጣው ብስክሌት 74፣ 82 እና 95 ነበር ማለት ነው። ሁለቱ የቁጥር ረድፎች የሚያመጡት ውሳኔ ፈጽሞ አይገናኝም። በመጀመሪያው ሁሉም ባለበት ይቀጥላል፣ በሁለተኛው ተጨማሪ የብስክሌት ፉርጎ ይጠየቃል። ስለዚህ የቀሩትን የማይመዘግብ የብስክሌት ቆጠራ የሰዓቱን ግማሽ ብቻ እንደሚያሳይ ሰዓት ነው፤ በተለይ በጠዋትና በማታ የሥራ ሰዓት፣ መልሱ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ያሳስታል።

ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት የሚቆጠረው ነገር በጽሑፍ መወሰን አለበት። «የተሳፈረ» ማለት ባቡሩ ላይ የወጣ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ባቡር ቀይሮ ሁለተኛ ላይ ቢወጣ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። «ባቡሩ ውስጥ ያለ» ማለት በሁለት ጣቢያዎች መካከል የሚጓዘው ሰው ብዛት ነው። የመጀመሪያው ለገቢና ለአጠቃላይ እድገት፣ ሁለተኛው ለመጨናነቅና ለፉርጎ ብዛት ያገለግላል። ብስክሌት የያዘ ሰው አንድ ተሳፋሪም አንድ ብስክሌትም ሆኖ በሁለቱም ዓምድ ይገባል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ቆጣሪ ብስክሌተኛውን ከተሳፋሪ አውጥቶ ሌላው አስገብቶ ሲቆጥር፣ ስህተቱ ከተደመረ በኋላ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ታጣፊ ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ታጥፎ ከገባ እንደ ሻንጣ ይታያል፣ ሳይታጠፍ ማቆሚያ ላይ ከዋለ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል። የትኛውም ደንብ ቢመረጥ ችግር የለውም፤ ዓመት በዓመት መቀያየሩ ግን ችግር ነው።

የእጅ ቆጠራ ቅጽ ላይ የባቡሩ ቁጥር፣ የፉርጎው ቁጥር፣ ጣቢያው፣ ትክክለኛው የመድረሻና የመነሻ ሰዓት፣ የተሳፈረ፣ የወረደ፣ የተጫነ ብስክሌት፣ የወረደ ብስክሌት፣ ቦታ አጥቶ የቀረ ብስክሌት፣ የአየሩ ሁኔታና ማስታወሻ ይኖራሉ። አንድ ቆጣሪ ሁለት በጣት የሚጫኑ መቁጠሪያዎች ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ለሚወጣው፣ ግራ እጅ ለሚወርደው። የብስክሌት ፉርጎው በር ላይ ራሱን የቻለ ሰው መመደብ አለበት። እዚያ ሰዎች ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ ለሚወርደው ቦታ ለመልቀቅ ወደ መድረኩ ወጥተው ተመልሰው እየገቡ ይተራመሳሉ። ወጥቶ የተመለሰ ሰው አንድ ወራጅና አንድ ተሳፋሪ ሆኖ እንዳይቆጠር፣ ቆጣሪው ከባቡሩ ጎን ራቅ ብሎ ቆሞ ወርደው የሄዱትን ብቻ ማየት ይኖርበታል።

ሉሆቹ ሲሰበሰቡ የመጀመሪያው ሥራ ማመጣጠን ነው። ስምንት ጣቢያ ያለው አንድ ጉዞ እንውሰድ። የተሳፈሩት በቅደም ተከተል 210፣ 64፣ 88፣ 41፣ 57፣ 20፣ 6 እና 0፣ በድምሩ 486 ናቸው። የወረዱት 0፣ 5፣ 22፣ 61፣ 70፣ 118፣ 93 እና 102፣ በድምሩ 471። ባቡሩ መጨረሻው ላይ ባዶ መሆን ሲገባው ወረቀቱ ላይ 15 ሰው ቀርቷል። ከሦስተኛው ጣቢያ በኋላ ባቡሩ ውስጥ ያለው 335 ነው፣ ከፍተኛውም እሱ ነው። ጉድለቱን በወራጆቹ ላይ በእኩል መጠን ብናካፍለው (486 ለ471 ሲካፈል 1.032 ገደማ) 335ቱ 334 ይሆናል፤ ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ከመጨረሻው ጣቢያ በፊት ያለው ግን ከ117 ወደ 105 ይወርዳል። ስህተቱ ከጣቢያ ጣቢያ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ የሚጎዳው የመስመሩ ጫፍ ነው።

ማካፈሉ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት ግን አይደለም። በእጅ ሲቆጠር ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመጨረሻው ጣቢያ ነው፤ ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው መቶ ሰው በግማሽ ደቂቃ ሲፈስስ ጣት አይደርስም። እንዲህ ከሆነ 15ቱ በመጨረሻው ጣቢያ ወራጆች ላይ ተጨምረው 117ቱ እንዳለ መቀመጥ አለበት። ሴንሰር (በር ላይ የሚገጠም መቁጠሪያ መሣሪያ) ሲሆን ደግሞ ስህተቱ በየበሩ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚፈጠር ማካፈሉ የተሻለ ነው። የትኛው እንደተደረገ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። ልዩነቱ ከተሳፋሪው 10 በመቶ ካለፈ ያንን ጉዞ ከማስተካከል መጣልና ሌላ ቀን እንደገና መቁጠር ይሻላል።

በበሩ አናት ላይ የሚገጠሙት መቁጠሪያ ሴንሰሮች ዛሬ የብዙ መስመሮች ዋና ምንጭ ናቸው። የድሮዎቹ የኢንፍራሬድ ጨረር ሲቆረጥ ይቆጥራሉ፤ ተቃቅፈው የሚገቡ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋሉ። አዲሶቹ ቅርጽን በሦስት አቅጣጫ ስለሚለኩ ሕፃንን፣ አዋቂን፣ ተሽከርካሪ ወንበርንና ብስክሌትን ለመለየት ይሞክራሉ። ብስክሌት ላይ ግን ይቸገራሉ። ብስክሌቱን የሚገፋው ሰው አጎንብሶ መሪው ላይ ሲደገፍ ሁለቱ አንድ ቅርጽ ይሆናሉ፤ ሦስት ብስክሌት ተከታትሎ ሲገባ የኋለኛው ጎማ ከፊተኛው ሰው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የሴንሰሩ ትክክለኛነት በባቡሩ አጠቃላይ አማካይ ሳይሆን በብስክሌት ፉርጎው በሮች ለብቻ መፈተሽ አለበት። የበሩን ቪዲዮ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ይቁጠሩ፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይይ። ከዚያ ማስተካከያው ይሰላል፦ ቪዲዮው 4,120፣ ሴንሰሩ 3,980 ካለ ማባዣው 1.035 ነው።

ሴንሰር በራሱ ጤነኛ ሆኖ ቁጥሩ የሚበላሽበት ሌላ ቦታ መጨረሻ ጣቢያ ነው። ባቡሩ ደርሶ በዚያው ለመመለስ ሲቆም፣ የቀድሞው ጉዞ ሳይዘጋ አዲሶቹ ተሳፋሪዎች ይገባሉ። ሥርዓቱ ጉዞውን የሚቀይረው በመነሻ ሰዓት ከሆነ፣ የጠዋቱ መላሽ ባቡር ተሳፋሪዎች ለመጣው ባቡር ይመዘገባሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በመጨረሻ ጣቢያ «የተሳፈረ» ከዜሮ በላይ ከታየ ቁጥሩ የቀጣዩ ጉዞ ነው።

የትኬት መረጃ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ወርሃዊ ትኬት የያዘ ሰው በየቀኑ ካርዱን እንዲያስነካ በማይገደድበት መስመር ግን በየቀኑ የሚመላለሰው ደንበኛ ጨርሶ አይታይም። ብስክሌቱ ያለ ክፍያ በሚጫንበት መስመር ደግሞ ስለ ብስክሌት አንዳች አይናገርም። ለወር ወደ ወር ንጽጽር ይጠቅማል፤ መሠረቱ ግን የበር ቆጠራ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ቀሩት ብስክሌቶች። አንድ ሰው ከ7፡15 ባቡር ሲቀር የ7፡30ውን ይጠብቃል፣ ያም ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው 5፣ ከሁለተኛው 4 ቀርተው፣ ከአራቱ ሦስቱ ቀድሞም የቀሩት ከሆኑ፣ የመቅረቱ ብዛት 9፣ የሰዎቹ ግን 6 ነው። ሁለቱም ቁጥር ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው የአገልግሎቱን ጉድለት፣ ሁለተኛው የጎደለውን ቦታ ይነግራል። መድረክ ላይ የቆመ ቆጣሪ ይህን መለየት ይችላል፣ ባቡር ውስጥ ያለው አይችልም። ከመድረኩ በተጨማሪ በጣቢያው የቆሙትን ብስክሌቶች በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ መቁጠር ያስፈልጋል። ባቡሩ ሲሞላባቸው ብስክሌታቸውን ጣቢያ ትተው የሚሄዱ፣ ወይም መድረሻቸው ላይ ሁለተኛ ብስክሌት የሚያስቀምጡ አሉ፤ የተጫነው ሳያድግ የቆመው እየጨመረ ከሄደ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ባቡሩ ሞልቷል የሚባለውም ሁልጊዜ ማቆሚያው ስላለቀ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆሴ መካከል የሚመላለሰው ካልትሬይን ብስክሌት መጫን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በድሮዎቹ ፉርጎዎች አራት ብስክሌት በአንድ ማቆሚያ ላይ ተደራርቦ በላስቲክ ገመድ ይታሰር ነበር፣ ባለቤቱም የሚወርድበትን ጣቢያ የሚያሳይ ካርድ ያንጠለጥልበት ነበር። ካርድ የሌለው ብስክሌት ላይ ሌላው ለመደረብ ያመነታል፤ ሦስት ብስክሌት ብቻ የያዘ ማቆሚያ «ሞልቷል» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ምክንያት ቆጣሪው ሰው በቀረበት ቅጽበት ውስጥ ስንት ባዶ ቦታ እንደነበረ መጻፍ አለበት። ክፍተት እያለ መቅረት የአደራደር ችግር ነው፣ ክፍተት ሳይኖር መቅረት የአቅም። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ስንት ጉዞ ይቆጠር? የአሜሪካ ፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ለዓመታዊ ሪፖርት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ10 በመቶ ያልበለጠ ስህተት ይጠይቃል፣ ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። ስሌቱ፦ 1.96ን (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በመለያየት መጠኑ (መደበኛ ልዩነት፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን፣ ለአማካይ ሲካፈል) ማባዛት፣ ለ0.10 ማካፈል፣ ከዚያ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው። የተሳፋሪ ብዛት ከጉዞ ጉዞ የሚለያየው በ0.5 ከሆነ 97 ጉዞ ይበቃል። የብስክሌት ቁጥር ግን ከባቡር ባቡር በጣም ስለሚዋዥቅ መጠኑ 0.9 ቢሆን 312 ጉዞ ያስፈልጋል። ለተሳፋሪ በቂ የሆነ ናሙና ለብስክሌት ከሦስት እጥፍ በላይ ያንሳል ማለት ነው። የጉዞዎቹ ቁጥር ራሱ ትንሽ በሆነበት መስመር ላይ ናሙናውን ትቶ እያንዳንዱን የሥራ ቀን ባቡር ቢያንስ አንድ ጊዜ መቁጠር ይቀላል።

አዝማሚያ ለማየት ቆጠራው በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንታት ይሁን፣ በዓልና የትምህርት ቤት ዕረፍት በሌለበት። ዝናብ የብስክሌትን ቁጥር ከተሳፋሪው ይልቅ በብዙ ስለሚቀንስ የአየሩ ዓምድ ለጌጥ አይደለም። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ መቁጠር ድሮ ለሳምንቱ ጥሩ ወኪል ነበር፤ ከቤት መሥራት ከተስፋፋ በኋላ ግን ሰኞና ዓርብ በጣም ስለቀነሱ፣ የሦስቱን ቀን አማካይ ከድሮው ጋር ማወዳደር መስመሩን ከእውነቱ በላይ ያሳምረዋል። አምስቱን ቀን ቆጥሮ ለየብቻ ማቅረብ ይበጃል።

«ከ100 ተሳፋሪ ስንቱ ብስክሌት ይዟል» የሚለው መለኪያ ታዋቂ ቢሆንም ብቻውን አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ የካልትሬይን ተሳፋሪ ከ95 በመቶ በላይ ወረደ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ጥቂት ብስክሌተኞች ብቻ ቢቀሩ እንኳ ድርሻው ሊያሻቅብ ይችላል። ከድርሻው ጎን ሁልጊዜ ጥሬው ቁጥርና የቀረበው ቦታ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ይኸው መስመር ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ባቡር ሲቀየር፣ አዲሱ ባቡር በሁለት ፉርጎ 72 ብስክሌት ይይዛል፤ የቅዳሜና እሑድ ምልልስም በየግማሽ ሰዓቱ ሆነ። በአንድ ባቡር የሚጫነው አማካይ ብስክሌት ከዚያ በኋላ ቢቀንስ ብስክሌተኛው ሸሸ ማለት አይደለም፣ በብዙ ባቡር ላይ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። ደንብም ዋጋም እንደዚሁ የግራፉን መስመር ይሰብራሉ፤ ኤስ-ቶግ የተባለው የኮፐንሃገን የከተማና የዳርቻ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2010 ብስክሌትን በነጻ መጫን ከጀመረ በኋላ ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት በብዙ እጥፍ አድጓል።

የአቆጣጠር ዘዴው ራሱ ሲቀየር፣ ለምሳሌ ከእጅ ወደ ሴንሰር ሲታለፍ፣ ሁለቱ በአንድ ወቅት፣ በተመሳሳይ ባቡሮች ላይ ጎን ለጎን መሥራት አለባቸው። ከዚያ የድሮው ረድፍ በማባዣው ይስተካከላል፣ በግራፉ ላይም መቀየሪያው ቀን ቀጥ ባለ መስመር ይታያል። ማባዣው ለተሳፋሪና ለብስክሌት የተለያየ ስለሚሆን ሁለት ተብሎ ይሰላ። ጥሬው ሉህ፣ ያልተስተካከለው፣ ከተስተካከለው ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በሌላ ማባዣ እንደገና ማስላት ሊኖርበት ይችላልና።