ሁለተኛውን መንገድ በእጅ መሥራት፦ የሦስተኛ ሳምንት ማስታወሻ

በቴሌኮም ልምምዴ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰርኪት (ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ የመረጃ መስመር) ላይ ነበርኩ፤ ዋናው መንገድ ቢቋረጥ የሚተካ መጠባበቂያ መንገድ ልሠራለት። ሲስተሙ ራሱ መንገድ እንዲመርጥ አልተውኩለትም። እያንዳንዱን ክሮስ ኮኔክት (በአንድ በኩል የገባው ትራፊክ በየት እንደሚወጣ የሚወስነውን ቅንብር) በእጄ ሞላሁ።

ለልምምድ የመኪና መንገዱን ተከትዬ ወረቀት ላይ ቀለበት ሣልኩ። ሰርኪቱ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ነው። ዋናው በደብረ ብርሃን ያልፋል። መጠባበቂያው በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በባቲ ዞሮ ይገባል። ዋናው 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጠባበቂያው ከ600 ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የሚጨምረው ከ1 ሚሊ ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ነው። መንገድ ረዘመ ብሎ መሥጋት አያስፈልግም።

ከዚያ ላብራቶሪ ውስጥ አራት የኤስዲኤች መሣሪያዎች (መረጃን በፋይበር የሚያስተላልፉ) ላይ የከተማ ስም በፕላስተር ለጠፍኩና ጀመርኩ። ኤስቲኤም-16 የሚባለው አንድ መስመር ቪሲ-4 የሚባሉ 16 የመረጃ ክፍሎችን ይይዛል። መጠባበቂያውን ስሠራ ተሳስቼ አዋሽ ላይ በ3ኛው ክፍል ልኬ ኮምቦልቻ ላይ በ4ኛው ጠበቅሁ። ትራፊኩ በዋናው ስለሚሄድ ምንም የጎደለ አይመስልም። አንዲት ቢጫ አላርም ብቻ በርታለች። እሷን ባላያት መጠባበቂያ አለኝ ብዬ እወጣ ነበር። አሁን ለሁለቱም መንገድ ጄ1 ላይ (ከቪሲ-4ው ጋር አብሮ የሚጓዝ የስም መለያ ነው) የሰርኪቱን ስም እጽፋለሁ። የተሳሳተ ቦታ ከሄደ ወዲያው ይታወቃል።

ካስተካከልኩ በኋላ የዋናውን ፓች ኮርድ (መሣሪያው ላይ የሚሰካውን አጭር የፋይበር ገመድ) ነቀልኩ። መብራቱ ቀይ ሆነ፤ በየሰከንዱ ከምልከው ፒንግ (የሙከራ መልእክት) ግን አንድም አልጠፋም። መስፈርቱ ቅያሪው በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እንዲያልቅ ነው የሚለው። በጣም ደስ አለኝ።

አጠገቤ የነበሩት ነባር ቴክኒሻን፣ «በል አሁን ደግሞ ካርዱን ንቀለው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ከአዲስ አበባው መሣሪያ ካርዱን፣ ማለትም ገመዶቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ ሳብኩት። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሁለቱንም መንገድ ያስወጣሁት ከአንድ ካርድ፣ ከፖርት (መሰኪያ) 1 እና ከፖርት 2 ነበር! ወረቀቱ ላይ 600 ኪሎ ሜትር ዞሬ ለካ መነሻዬ ላይ አልተለያየሁም።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። «ከሕንፃውስ በየት በኩል ነው የሚወጡት?» አሉ። እውነት ነው፤ ሁለቱ ገመዶች በአንድ ቦይ ከወጡ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር በአንድ አካፋ ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ስለ ቦዩ አይናገርም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመንካቴ በፊት የየመንገዱን ካርድ፣ የፓች ፓነል (የገመዶች መገናኛ ሰሌዳ)፣ የሕንፃ መውጫ፣ ቦይና ድልድይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ከተገኘ እዚያው እቆማለሁ።

ቀጥሎ ድሬዳዋን ልሞክር ነው። ከሚኤሶ በኋላ አንዱ በአሰበ ተፈሪ ደጋውን፣ ሌላው ቆላውን ይዞ ይሄዳል። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ግን የተከተልኩት መንገድ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።