ከአረንጓዴው ቀለም ሥር

ዛሬ ከኮምቦልቻ ስመለስ ጥፍሬ ሥር አሁንም የቀለም ብናኝ ነበር። እጄን ሁለቴ ታጥቤያለሁ። አልለቀቀም።

የጋሼ አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ፊያት 634፣ ሞተሯ መነሳት ከጀመረ ወር አልፎታል። ኮፈኗም ፓራፋንጎዋም ተቃንቷል። የቀረው ቀለምና ምልክት ነው። ጋሼ አንድ ፎቶ አሳትመው ሰጡኝ፤ ጎኑ ላይ ቀይ አራት ማዕዘን የተቀባ የጣሊያን ታንክ። “ይቺኑ ድገምልኝ፣ ታምራለች” አሉኝ።

ታምራለች፣ እውነት ነው። ግን ያ ምልክት የታንከኛ ነው። ቀዩ የአንደኛው ሻምበል፣ ሰማያዊው የሁለተኛው፣ ቢጫው የሦስተኛው፣ አረንጓዴው የአራተኛው። የእኛዋ ደግሞ ጭነት መኪና ናት። እሺ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ስለዚህ መኪናዋን ራሷን መጠየቅ ጀመርኩ። የኋላ ስፖንዳዋን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀስ እያልኩ። መጀመሪያ አረንጓዴ ቀለም፣ የአሰብ መንገድ ጭነት የሠራችበት ዘመን። ከሥሩ አፈር የመሰለ ቡኒ። ከዚያ ታርጋ በሚሰቀልበት ቦታ መዳፍ የምታህል ነጭ ብቅ አለች። ጥጓ ላይ ቀይ አለ። ልቤ ድው ድው አለ። የዚያን ዘመን የጣሊያን ጦር ታርጋ መደቡ ነጭ ነበር፤ “ንጉሣዊ ጦር” የሚለው አጭር ጽሑፍ በቀይ፣ ቁጥሩ በጥቁር ይጻፍበት ነበር።

የየትኛው የጦር ክፍል እንደነበረች ግን አንድም ፍንጭ የለም። ጎኗን በሙሉ ፈትሼዋለሁ።

ጋሼ ቅር አላቸው። እኔም ያለወትሮዬ ብዙ አወራሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ አያቴ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። እሷ ቀይ መስቀል ባየች ቁጥር ይህንን ታነሳ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ዳገት ጣሊያንን ተዋግቶ ደሴ ገባ። የትኛው ጦር በየት መጣ፣ ማን የት ቆመ የሚለው እዚህ አገር የሰው ቤት ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ ደስ ያለኝን ክፍል ምልክት ብቀባ፣ ነገ አንድ ልጅ ቆሞ ያያታል። ያምናል። ለጓደኛው ይነግራል።

ጋሼ ነጯን በጣታቸው ዳሰሱ። ብዙ ዝም አሉ።

“እንግዲያው ጎኗን ባዶ ተወው” አሉ። “ይቺን ብቻ እንዳትነካብኝ።”

በላይዋ ስስ ቨርኒሽ ቀባንላት። ነገ ጠዋት ቻንሲዋን በናፍጣ አጥበን ቁጥር እንፈልጋለን።