ገብስማዋ

ሐምሌ 4፣ ማታ

ነገ ጾም ይፈታል። ጓዳዬ ውስጥ 63 እንቁላል ተደርድሯል። የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው እያለ የሚበላ ሰው ሞልቷል ሲባል እሰማለሁ። እኛ ሰፈር ግን ዘንድሮ ሁሉም ቄስ ሆኖ ከረመ። ጾሙን ያላወቁት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። አራቱ ቦቫንሶች፣ የፈረንጅ ዶሮዎቼ፣ በየቀኑ ሦስትም አራትም ይጥላሉ። ለሱቁ ልጅ ሸጬ፣ ለማይጾሙት ጎረቤቶች ሰጥቼ፣ የተረፈው ይኸው ነው።

ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን በጾሙ አንድም ሳትጥል ስለከረመችው ስለ አምስተኛዋ ነው።

ያለሁት ቀበና ነው፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ። ግቢ አለኝ ስል ሰው እንዳይሳሳት፤ መኪና ቢገባበት በሩ አይዘጋም። አምና ግንቦት ላይ አራት የ45 ቀን ቦቫንስ እና አንድ የሳሶ አውራ ገዛሁ። ሒሳቡን በስልኬ ሠርቼ ነበር። ቦቫንስ የደች ዝርያ ነው፣ በደንብ ከበላ በዓመት 300 ገደማ እንቁላል ይጥላል። የሐበሻ ዶሮ 60 ከጣለች ጎበዝ ናት። ከዚህ በኋላ ምን ምርጫ አለው? ሳሶው ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ይታረዳል ተብሎ ነበር። ከዚያ ለገና ተባለ። ከዚያ ለፋሲካ። አሁንም አለ። ስሙ ሻምበል ነው። ስም ያወጡለትን ዶሮ ማረድ ይከብዳል።

ጥቅምት ላይ የካዛንቺሷ አክስቴ ሰፈሯ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ገባች። አራተኛ ፎቅ። አልጋዋን፣ ቡፌዋን፣ የእናቷን ሙቀጫ ሳይቀር ይዛ ሄደች። ዶሮዋን የት ታድርጋት? በዘንቢል አድርጋ በሚኒባስ ይዛት መጣች።

«አደራ፣ እንዳታርጃት» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ቂጣ ትወዳለች።»

ገብስማ ናት። ጉትዬዋ ድርብ፣ እግሯ ቀጭን። ብትመዘን አንድ ኪሎ ተኩል አትሞላም። ዕድሜዋን አክስቴም በትክክል አታውቀውም። ከአራቱ ቦቫንሶች አጠገብ ሳቆማት ልጃቸው ነበር የምትመስለው። ሾላ ዶሮ የሚሸጥ ሰውዬ አዲስ ዶሮ ማታ ነው የሚቀላቀለው ብሎኝ ነበር። ቆጡ ላይ ስታስቀምጫት ሲነጋ አብረው የኖሩ ይመስላቸዋል አለኝ። አስቀመጥኳት። ሲነጋ አልመሰላቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ ከመኖው እያባረሩ አስጨነቋት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትልቋ ቦቫንስ ልታባርራት ስትመጣ አልሸሸችም። ክንፏን ዘርግታ ዘለለችና ጉትዬዋን በአፏ ያዘች። ያዘች፣ አልለቀቀችም። ሁለት ደቂቃ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ገብስማዋ መጀመሪያ ትበላለች፣ ቆጡ ላይ ጥግ ጥጉን ትይዛለች፣ እነሱ መንገድ ይለቃሉ።

አንድ ኖርዌያዊ፣ ቶርሊፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎች ላይ ማን ማንን እንደሚነቁር ይመዘግብ ነበር። ጽሑፉን ካወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሁሉንም፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል፣ የመጨረሻዋ ማንንም አትነቁርም። ይህን ሳነብ እኔም ደብተር ያዝኩ። ችግሩ ቦቫንሶቹ አራት መንታ መሆናቸው ነው። እግራቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰርኩ። ቀዩን ክር በአንድ ቀን ነቅለው በሉት። ስለዚህ አሁን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ እና ባዶእግር ናቸው።

ደብተሩ ያሳየኝ ነገር ደስ አይልም። በገብስማዋ የተሸነፈችው አረንጓዴ ንዴቷን ታች ባለችው በነጭ ላይ ተወጣች። አለቃው የጮኸበት ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁ ላይ እንደሚጮኸው። የነጭን ጭራ ላባ ነቅለው ጨረሱት፣ ደማች። ዶሮ ደም ካየች አትተውም፣ የቀሩትም መጡ። ጂቪ ቀባኋት፤ ወይን ጠጅ ሆና ሰነበተች ግን ቀዩ ተሸፈነ። ለብቻ አምስት ቀን አቆየኋት። ስመልሳት እንደ እንግዳ ቆጠሯትና ነገሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። አሁን ቢሆን ከግቢው አላወጣትም፣ እያዩዋት በሽቦ እለያታለሁ። የበጀኝ ሁለተኛ የመኖ ዕቃ ሌላኛው ጥግ ላይ ማድረጌ ነው፤ አንዷ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም። ጥቅል ጎመንም በገመድ አንጠለጠልኩላቸው። ሥራ የፈታ ዶሮ የጓደኛውን ላባ ነው የሚያየው።

ጭላት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቀበና ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። ገብስማዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ታያለች፣ ከዚያ አንድ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ድምፅ ታሰማና እንጨቱ ሥር ትገባለች። መጀመሪያ ሰሞን ቦቫንሶቹ ቆመው ያዩአት ነበር። ኅዳር ሲያልቅ ድምፁን ሲሰሙ አብረዋት መሮጥ ለመዱ። ለድመት የምታሰማው ሌላ ነው፣ የተቆራረጠ፣ እንደ ስድብ ያለ። አሁን እኔም ወጥ እየሠራሁ ጭላት ይሁን ድመት ከማጀት ሆኜ አውቃለሁ። ሻምበልም ይጮኻል፣ ግን ለቁራም፣ ለሚበር ፌስታልም ስለሆነ የሚሰማው የለም። የአጎራባቹ ጋሼ ብቻ ናቸው የሚሰሙት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። «ልጄ፣ የዚህ ዶሮ ሰዓት ተበላሽቷል እንዴ?» ይሉኛል።

በደብተሬ መሠረት ገብስማዋ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የጣለችው 31 እንቁላል ነው። በመኖው ዋጋ ብትሰላ የወርቅ እንቁላል ነው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ጭር አለች፣ መታቀፍ አማራት። ባዶ ጎጆ ላይ ተለጥፋ፣ ላባዋን ነፍታ፣ እጄን ስሰድ ትነቁረኛለች። ምክር አልጠፋም። አንዷ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሪያት አለችኝ። ሌላዋ ዘቅዝቀሽ ስቀያት። አክስቴ በስልክ እናቷ ላባ በአፍንጫዋ ትሰካባት እንደነበር ነገረችኝና ወዲያው «አንቺ ግን እንዳታደርጊው» አለች። ጋሼ ግቢ ሁለት ቀን ወስጄ አስቀመጥኳት፤ ቦታ ስትቀይር ትረሳለች ይባላል። በሁለተኛው ቀን አጥሩን ዘልላ በቀጥታ ጎጆዋ ገባች።

ያኔ ነው የስልኬ ሒሳብ የጎደለው የገባኝ። የሐበሻ ዶሮ አሥር፣ አሥራ አምስት ትጥላለች፣ ከዚያ 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ጫጩት ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አትጥልም። ቦቫንስ 300 የምትጥለው መታቀፉ ሆን ተብሎ ከዘሯ እንዲወጣ ስለተደረገም ነው። እናትነቷን ማሽን ይሠራላታል። እኔ ጋ ማሽን የለም። ጾም ያስቀረው እንቁላል ግን አለ፣ ሻምበል አለ፣ ባዶ ጎጆ የታቀፈች ገብስማ አለች።

ሰኔ 13 የተሰበረ ገል ውስጥ የጤፍ ጭድ አድርጌ 11 እንቁላል አስታቀፍኳት። ጎዶሎ ይሁን ያለችው አክስቴ ናት። በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን በስልክ መብራት አየኋቸው። ሁለቱ ጥርት ብለው ታዩ፣ ምንም የለባቸውም፣ አወጣኋቸው። በዘጠኙ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ደም ሥር ነበር። በቀን አንዴ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ትነሣለች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ ትመለሳለች። ሦስት ሳምንት ከመንጋው ስትርቅ ቦታዋን ይነጥቋታል ብዬ ነበር። ላባዋን ነፍታ ስትወጣ ሻምበል ራሱ ገለል ይላል።

ጫጩቶቹ 300 አይጥሉም፣ አውቃለሁ። የቦቫንስ ልጅ እናቷን አትሆንም። ደግሞ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አለ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይሠራል፣ በዓይን ጠብ ይደረጋል፣ ቀላል ነው። ጠርሙሷ ግን ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ናት፣ እኔ ዘጠኝ ጫጩት ይዤ ምን አደርጋታለሁ? ሰኞ ከጎረቤቶች ጋር አዋጥተን ለመግዛት ተስማምተናል።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከእንቁላሉ ውስጥ ድምፅ ነበር። እሷም ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስላቸዋለች። ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው፣ ደብተሬ ላይ የለም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለአክስቴ ደወልኩ።

«ስንት ወጣ?»

«እስካሁን ስድስት።»

«መልካቸውስ?»

«አራቱ ቢጫ፣ ሁለቱ ጠቆር ያሉ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከጀርባዋ የሊፍት ይሁን የበር ድምፅ ይሰማኛል። «ስልኩን አስጠጊላት እስቲ» አለችኝ። ገሉ አፍ ላይ ያዝኩት። አክስቴ ካዛንቺስ ግቢ እንደምትጠራት ጠራቻት። ገብስማዋ አንገቷን ሰበር አደረገችና በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ አየች።

ዝናብ ስለጀመረ፣ አይጥም ስላለ፣ ገሉን ማጀት አስገብቼዋለሁ። ሦስት እንቁላል ቀርቷል። አንዱ ተሰንጥቋል።