ስፒከሩ አለኝ፤ አምፑን እንዴት መረጥኩ?

እኔ ቤት ስፒከር ሞልቷል። የጠፋው የሚያጫውታቸው አምፕ ነበር።

ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አሉኝ። አገር ሊለቅ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ቤት የገዛኋቸው ናቸው። ሌላው በዲቪዲ ዘመን ብዙዎቻችን ቤት የገባው ዓይነት የሆም ቴአትር ስብስብ ነው፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ቤዝ። የዚህኛው ማጫወቻ ከሞተ ቆይቷል። አምፑ እዚያው ማጫወቻው ውስጥ ስለሆነ ስፒከሮቹም አብረው ዝም አሉ። ዝም አሉ እንጂ አልተበላሹም። ስለዚህ ሁሉንም ጥዬ ሳውንድባር፣ ያንን ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ ከምገዛ፣ ላለኝ ስፒከር የሚሆን አምፕ ልፈልግ ብዬ ተነሳሁ።

የምፈልገው ኤቪ ሪሲቨር የሚባለውን ነው። የዲሹን ሪሲቨር አይደለም። ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹንና ላፕቶፑን ተቀብሎ ድምፁን ለፊትና ለኋላ ስፒከሮች የሚያከፋፍለው፣ አምፑም ውስጡ ያለው ከባዱ ሳጥን ነው። ሱቅ ስትገቡ «የሆም ቴአትር አምፕ» ብትሉ ቶሎ ትግባባላችሁ።

መርካቶም ግቡ ፒያሳ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ዋት?» ነው። እኔ መጨረሻ የማየው እሱን ነው። መጀመሪያ የስፒከሩን ጀርባ አነባለሁ። እዚያ ላይ የሚጠቅሙ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ኦሙና ዴሲቤሉ።

ኦም ስፒከሩ ለአምፑ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ የሚስበው ከረንት ይበዛል። በአንድ ዓይነት የቮልዩም ልክ ባለ 4 ኦም ስፒከር ባለ 8 ኦሙ የሚስበውን እጥፍ ይስባል። አምፑ ይህን ካልቻለ ይግላል። ከዚያ ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል። ሲብስ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። ብዙዎቹ የተለመዱ ሪሲቨሮች ከ6 ኦም በታች እንዳይቀጠልባቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፏል።

የእንጨቶቹ ስፒከሮች 6 ኦም ናቸው። ድንበሩ ላይ ናቸው፤ ግን ያልፋሉ። ትንንሾቹ 3 ኦም ናቸው። እንደዚህ የሆኑት በምክንያት ነው። እነዚያ ስብስቦች የሚሠሩት ለራሳቸው አምፕ ብቻ ነው። አምፑ የሚሠራበት ቮልት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ዋቱን ለማግኘት የስፒከሩን ኦም ያወርዱታል። እዚያው ቤታቸው ሲሆኑ ችግር የለም። ሌላ አምፕ ላይ ሲሄዱ ነው ጣጣው።

ጽሑፉ ከጀርባ የለቀቀባችሁ ካላችሁ መልቲሜትር ይበቃል። ስፒከሩን ከአምፑ ነቅላችሁ በሁለቱ ጫፍ ለኩት። የሚመጣው ቁጥር ከተጻፈው ትንሽ ያንሳል። 8 ኦም የሚባለው 6 ገደማ፣ 4 ኦም የሚባለው 3 ገደማ ያሳያችኋል። ይህ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ዴሲቤሉ ነው። የእኔዎቹ ላይ 87 ይላል። ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ላይ የሚያሰማው የድምፅ መጠን ማለት ነው። የዋት ወሬ ሁሉ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ዋቱን እጥፍ ስታደርጉት የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህ ጆሮ «እህ፣ ትንሽ ጨመረ» የሚለው ያህል ነው። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ነው። ስለዚህ በባለ 70 ዋትና በባለ 100 ዋት አምፕ መካከል ያለው ልዩነት 2 ዴሲቤል እንኳን አይሞላም። ዋጋቸው ግን በ2 ዴሲቤል አይለያይም!

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሶፋዬ እስከ ስፒከሩ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ርቀት 1 ዋት ብቻ ሁለቱን ስፒከሮች ወደ 80 ዴሲቤል ያደርሳቸዋል። ዜና የምንሰማው ከዚያ በታች ነው። የቀረው ዋት የሚያስፈልገው ፊልሙ ውስጥ ድንገት ነገር ሲፈነዳ ነው። ያኔም ከሥር ያለው ጎረቤት ስላለ ብዙ አልሄድም።

ዋት ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅም ደግ ነው። ያማሃ አርኤክስ ቪ 385 የሚባለው ሪሲቨር ለአንዱ ሳጥን ሦስት ቁጥር አለው፤ 70፣ 100 እና 135 ዋት። 70 የሚለው ሁለት ስፒከር አብሮ እየሠራ፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ፣ ድምፁ ሳይበላሽ የሚሰጠው ነው። 100 የሚለው አንድ ስፒከር ብቻ፣ አንድ ዓይነት ቃና እያወጣ ነው። 135 የሚለው ደግሞ የድምፁ 10 በመቶ እስኪዛባ ተገፍቶ ነው። ሦስቱም ውሸት አይደሉም። ካርቶን ላይ ጎልቶ የሚታተመው ግን ትንሹ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ሪሲቨር ስታወዳድሩ፣ ሁለት ስፒከር አብሮ ሲሠራ የተለካውን ከተመሳሳዩ ጋር አስተያዩ። ፒኤምፒኦ የሚል፣ ማለትም ለቅጽበት ብቻ የሚባል የተጋነነ ዋት፣ ካያችሁ ቁጥሩን እርሱት። የመሣሪያው ጀርባ ከግድግዳ የሚወስደው 300 ዋት ነው ካለ፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈው 1000 ዋት ከየት ይመጣል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምፈልገው ጠበበልኝ። 6 ኦም በግልጽ የሚፈቅድ፣ ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ)፣ ኤችዲኤምአይ ላይ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው) ያለው፣ በ220 ቮልት የሚሠራ። ባለ 7.2 አላሰብኩም። ለዚያ ሁሉ ስፒከር ቦታውም የለኝም። ድምፅ ከላይም እንዲመጣ ጣሪያ ላይ ስፒከር የሚያሰቅለው አትሞስም ለኮንዶሚኒየም ጣሪያ አይደለም።

220 ቮልቱን ቀላል አታድርጉት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ «ምን አደከመህ፣ ከዚህ አንዱን ልላክልህ» ብላኝ ነበር። ልቤ ሳይከጅል አልቀረም። ነገር ግን ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እንዲሁ ከተሰካ ፍንዳታ ነው። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ እሱም ከሪሲቨሩ ፍጆታ እጥፍ የሚችል መሆን አለበት። ኸርዙን ግን አይቀይረውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። ጀርባቸው ላይ የቮልት መቀየሪያ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፤ የአሜሪካዎቹ ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም። አመስግኜ ተውኩት። እሷም በሻንጣዋ ያንን ኪሎ በሌላ ነገር ሞላችው፤ አልተጎዳሁም።

አዲስ መግዛትም አሰብኩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የዶላር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የአዲሱን ዋጋ ሰምቶ አለመደንገጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ያገለገለ። እዚያው የጠቀስኩትን ያማሃ በደላላ በኩል አገኘሁት። ጀርባው ላይ 220–240 ቮልት ይላል። ከዱባይ የገባ ነው።

ያገለገለ አምፕ በወሬ አይገዛም። አንዱን የእንጨት ስፒከር ታክሲ አስጭኜ ይዤ ሄድኩ። ደላላው ሲያየኝ ሳቀ። ይሳቅ። በሱቁ ስፒከር አምሮ የሚሰማ አምፕ እኔ ቤት ምን እንደሚሆን አይነግረኝም። ሲበራ ከትንሽ ሰኮንዶች በኋላ «ቀጭ» ይላል፤ ይህ ስፒከሩን የሚያገናኘው ሪሌ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጭ ሳይል ከጠፋ ተዉት። ቮልዩሙን ምንም ሳይጫወት ከፍ አድርጌ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ፤ የሚያጉረመርም ድምፅ እንዳይኖረው። ስፒከሩን በየተራ አምስቱም መውጫ ላይ ሰካሁት። ኤችዲኤምአዮቹን አንድ በአንድ በላፕቶፕ ሞከርኩ፤ በዚህ ዕቃ ላይ ሲበላሽ ጥገናው አስቸጋሪ የሚሆነው የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ነውና። ከዚያ እየተጫወተ ተቀምጠን ቡና ጠጣን። እስኪሞቅ ነው የምጠብቀው። ብዙ በሽታ ሲሞቅ ነው የሚወጣው። ሪሞቱና የመለኪያ ማይኩ፣ ሪሲቨሩ የስፒከሮቹን ድምፅ ክፍሉ ውስጥ የሚለካበት፣ መኖራቸውንም አየሁ። ማይኩ ከሌለ ዋጋ አስቀንሱ።

የ3 ኦሞቹ ነገር ይቀራል። ፒያሳ ብዙው ሰፈር ሲፈርስ የማውቃቸው ጠጋኞች ተበታትነዋል። አንዱን ሽማግሌ ግን ሜክሲኮ አካባቢ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ጊዜ አላባከኑም።

«አንድ ዓይነት የሆኑ ስንት አሉህ?»

«አራት አሉ ጋሼ። መሃለኛው ብቻ ይለያል።»

«በቃ፣ ሁለት ሁለቱን በሲሪ እሰራቸው። ሦስትና ሦስት ስድስት ነው።»

የአምፑ ቀይ ወደ አንደኛው ስፒከር ቀይ ይሄዳል። የአንደኛው ጥቁር ወደ ሁለተኛው ቀይ። የሁለተኛው ጥቁር ወደ አምፑ ጥቁር ይመለሳል። አምፑ የሚያየው 6 ኦም ነው። ይህ የሚሠራው ስፒከሮቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። በፓራሌል፣ ማለትም ቀይና ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ቢታሰሩ 1.5 ኦም ይሆናሉ፤ ያ አምፑን መግደል ነው። አሁን ከሶፋዬ ጀርባ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ተሰቅለዋል።

ቤዙ ግን አልዳነም። የእነዚያ ስብስቦች ቤዝ የራሱ አምፕ የለውም። ሪሲቨሩ ለቤዝ የሚያወጣው ደግሞ ሲግናል ብቻ ነው፤ ስፒከር የሚገፋ ጉልበት የለውም። ከመሃል የሚገባ ትንሽ አምፕ ማሠራት ይቻላል። እኔ ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ ለዚያ ገንዘብ አላወጣም አልኩ። ሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ሰብዉፈሩን፣ ማለትም የቤዙን ስፒከር፣ «የለም» ስትሉት የፊት ስፒከሮቹን «ትልቅ» አድርጎ ቤዙን ወደ እነሱ ይልካል። የኋላዎቹን «ትንሽ» ብዬ 160 ኸርዝ ላይ ቆረጥኳቸው። ከዚያ በታች ያለውን የእንጨቶቹ ይሸከሙታል፤ ይችሉታል።

ገመድ ላይ አትጃጃሉ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ባለ 2.5 ካሬ፣ ክር ክር ያለውን ለስላሳ ገመድ ገዛሁ። ለሳሎን ርቀት ከበቂ በላይ ነው። ቀይና ጥቁሩን አለማምታታት ነው ዋናው።

ቤት ከገባ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ኦሙን ማስተካከል ነው። ይህ ያማሃ ከፋብሪካ ሲወጣ ለ8 ኦም ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ፊቱ ላይ ስትሬት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ስታበሩት ሌላ ሜኑ ይከፍታል፤ እዚያ ወደ 6 ይቀየራል። ከዚያ ማይኩን ጆሮዬ በሚሆንበት ከፍታ ሶፋው ላይ አቁሜ መለኪያውን አስጀመርኩ። ፍሪጁን ነቅዬ፣ መስኮት ዘግቼ ነው። የልደታ ማርያም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ በሚሰማበት ሰዓት አይሞከርም። ለክቶ ሲጨርስ ከኋላ አንዱ ቀይና ጥቁር ተገላብጧል ብሎ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ አስተካክዬ ደገምኩት።

በፍላሽ ፊልም የምታዩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምስሉ እየታየ ድምፅ የሌለው ፊልም ብዙ ጊዜ ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው የፊልም ድምፅ አቀራረጽ ስለተቀረጸ ነው። ሳምሰንግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስ አያነብም። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ብትሰኩት ሪሲቨሩ ምንም አይደርሰውም። እኔ በላፕቶፕ አድርጌ ቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ እሰካዋለሁ፤ እሱ ያነበዋል።

መብራት ሲሄድ ከግድግዳው እነቅለዋለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀው መከላከያ ላይ ነው ያለው። ከላዩ ምንም አይቀመጥም። እናቴ ግን ለሁሉም ነገር ዳንቴል አላት። ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ በኩል መሆኑን አስረድቻታለሁ፤ ዳንቴሉ አሁን ስፒከሮቹ ላይ ነው።

መሃለኛውን ስፒከር፣ ሴንተር የሚባለውን፣ አልገዛሁም። ሪሲቨሩን ሴንተር የለም ስትሉት ንግግሩን ለግራና ለቀኝ ያካፍለዋል። መሃል ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣና ዳር ሲቀመጥ ግን ወሬው ሁሉ በቅርቡ ካለው ስፒከር ይመጣበታል። ካርቶን ውስጥ ያለው የ3 ኦሙ ለዚህ አይሆንም። ሌላ ብራንድም አልፈልግም፤ የሰው ድምፅ ከግራ ወደ መሃል ሲያልፍ ቀለሙ ይቀየራል። ከእንጨቶቹ ጋር አንድ ብራንድ የሆነ፣ 6 ኦምና ከዚያ በላይ የሆነ ሴንተር ካገኘ ለደላላው ነግሬዋለሁ። እስካሁን ሁለት የዲሽ ሪሲቨር ይዞልኝ መጥቷል።