የቶቲን ሰፈር ፍለጋ ሮም

ሮም የሄደ ሰው ቫቲካን ይገባል፣ ኮሎሲየም ፊት ፎቶ ይነሳል፣ ትሬቪ ፏፏቴ ውስጥ ሳንቲም ይወረውራል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ወረፋው ግን ነፍስ ያወጣል። ስለነሱ የጻፈ ሞልቷል፣ እኔ አልደግመውም። እኔን ሮም ድረስ የወሰደኝ አንድ ተራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የእግር ኳስ ተጫዋቹ ፍራንቼስኮ ቶቲ ያደገበት ሰፈር።

አዲስ አበባ ላይ የሮማ፣ ማለትም የቶቲ ክለብ፣ ደጋፊ መሆን ብቸኝነት አለው። ጓደኞቼ ወይ አርሴናል ናቸው ወይ ማንቼ። ኳስ ማያ ቤት ገብቶ «እባክህ የጣሊያኑን ክፈትልን» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ቤቱ ሙሉ ዞሮ ያይሃል። እኔ ግን በልጅነቴ ያንን 10 ቁጥር ካየሁ በኋላ ሌላ ቡድን አልገባልኝም። ሰውዬው ለሮማ ዋና ቡድን 25 የውድድር ዘመን ተጫወተ። 786 ጨዋታ፣ 307 ጎል። በጣሊያን አንደኛ ሊግ በሴሪ ኤ ብቻ 250 ጎል አግብቷል፤ ሲያቆም ከሱ በላይ የነበረው ሲልቪዮ ፒዮላ ብቻ ነው። ሌላ ክለብ የሚባል ነገር የለም። በውሰት እንኳን አልሄደም። ሪያል ማድሪድ እየፈለገው፣ ሮማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ እየወጣች፣ ይህ ሰው ምን ይዞት ቀረ? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ያረፍኩት አክስቴ ጋ ነው። አክስቴ በደርግ ዘመን ለቤት ሥራ ሮም ከገቡት ሐበሻ ሴቶች አንዷ ናት። ልጇ እዚያው ተወልዶ አደገ። አማርኛው የተሰባበረ ነው፣ ጣሊያንኛው ግን የለየለት የሮም ልጅ። በሮማ ፍቅር ያበደ ነው። አክስቴ ደግሞ የሮማ የከተማ ባላንጣ የላዚዮ ደጋፊ ናት! መጀመሪያ የተቀጠረችበት ቤት ሰዎች ላዚዮ ስለነበሩ በዚያው ቀረች። ደርቢ ባለበት ቀን እናትና ልጅ ምሳ የሚበሉት በየክፍላቸው ነው።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ጠዋት ሳን ጆቫኒ ድረስ በሜትሮ ወሰደኝ። ከዚያ በእግር የጥንቱን የከተማ ግንብ ተከትለን ወደ ፖርታ ሜትሮኒያ ወረድን። ግንቡን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ቪያ ቬቱሎኒያ ደረስን። ደረቅ ያሉ የአፓርታማ ሕንፃዎች፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ዳር ዳሩን ተጠጋግተው የቆሙ ትንንሽ መኪኖች። በቃ ይኸው ነው። የባንክ ሠራተኛ የነበረው ኤንዞና ሚስቱ ፊዮሬላ ሁለት ወንድ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚህ ነው። ትንሹ በ1976 የተወለደው ፍራንቼስኮ ነው። ቱሪስት አላየሁም። ያየሁት አንድ ሕፃን ልጅ ኳሱን ከመኪና ሥር ለማውጣት በሆዱ ተኝቶ ሲታገል ነው።

ከዚያ አለፍ ብሎ ያለ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የቶቲ ግዙፍ ሥዕል አለ። ሞንቲ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥም ሌላ አለ፤ ያንን የላዚዮ ደጋፊዎች በተደጋጋሚ ሰማያዊ ቀለም እየደፉበት፣ የሮማ ልጆች መልሰው እየቀቡት ኖሯል። የሰፈሩ ባር ውስጥ ቡና ስንጠጣ ሁለት ሽማግሌዎች ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ከአዲስ አበባ ቶቲ ያደገበትን ልይ ብዬ መጣሁ ስላቸው አንደኛው «ከኔ ጋር ነው ኳስ የጀመረው» አለ። ሁለተኛው «ውሸቱን ነው፣ ከኔ ጋር ነው» ብሎ ተነሳ። የአክስቴ ልጅ በጆሮዬ «ተዋቸው፣ በዚህ ሰፈር ከቶቲ ጋር ያልተጫወተ የለም» አለኝ።

የታሪኩ ዋና ሰው ግን እናቱ ነች ብል ማጋነን አይሆንም። ልጁ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ የኤሲ ሚላን ሰዎች ቤቷ ድረስ ገንዘብ ይዘው መጡ። የቤርሉስኮኒ ሚላን ነው እንግዲህ፣ የዓለም ምርጥ ቡድን። ፊዮሬላ እንቢ አለች። ልጄ ገና ነው፣ ከቤት አይወጣም። በኋላ ደግሞ የሚጫወትበት ሎዲጃኒ የተባለው ትንሽ ክለብ ለላዚዮ ሊሰጠው ተቃርቦ ነበር። ያኔ በሮማ የታዳጊዎች ክፍል የነበረው ጂልዶ ጃኒኒ እናቱን አነጋግሮ አሳመናት። የጂልዶ ልጅ ጁዜፔ ጃኒኒ የሮማ አምበልና የትንሹ ቶቲ ጣዖት ነበር። እንዲህ ሆኖ በ1989 ሮማ ገባ። ማታ ይህን ለአክስቴ ስነግራት «እናቱን የሚሰማ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለኛ ቢመጣ ይሻለው ነበር» ብላ ጨመረች። ለላዚዮ ማለቷ ነው።

የመጀመሪያ ጨዋታው ማርች 28 ቀን 1993 ብሬሺያ ላይ ነው። ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ ያስገባው ሰርቢያዊው ቩያዲን ቦሽኮቭ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በሰላም የሄደ የሚመስለው ሰው አለ። አልሄደም። በ1996 የመጣው አርጀንቲናዊ አሰልጣኝ ካርሎስ ቢያንኪ ልጁን አልወደደውም። ለሳምፕዶሪያ በውሰት ሊሰጠውና የአያክሱን ያሪ ሊትማነንን ሊያመጣ ፈለገ። በፌብሩዋሪ 1997 አያክስና ቦሩሲያ ሞንቸንግላድባህ የተጋበዙበት የወዳጅነት ውድድር የሮማ ስታዲየም ኦሎምፒኮ ላይ ተደረገ። ሊትማነን ራሱ መጥቷል። የሌሊቱ ኮከብ ግን ቶቲ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ፍራንኮ ሴንሲ ዝውውሩን አስቆመው፤ ቢያንኪም ዓመቱን ሳይጨርስ ተሸኘ። አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ ታማኝነት የምናወራው ምናልባት ስለ ሌላ ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998፣ ብራዚላዊው አልዳይር የአምበልነቱን ማሰሪያ ከክንዱ ፈትቶ ለሱ ሰጠው። 22 ዓመቱ ነበር።

ከሰፈሩ ተነስተን ወደ ቺርኮ ማሲሞ በእግር ሄድን። ሩቅ አይደለም። ጥንት የሰረገላ እሽቅድድም የሚካሄድበት ሜዳ ነው፤ አሁን ረጅም የሣር ጉድጓድ ሆኖ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ጁን 17 ቀን 2001 ሮማ ፓርማን 3 ለ 1 አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች። ቶቲ፣ ሞንቴላ፣ ባቲስቱታ አገቡ። አሰልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ይህ ሜዳ እስከ 1 ሚሊዮን በሚገመት ሕዝብ ተሞላ። ተዋናይቷ ሳብሪና ፌሪሊ ቃሏን ጠብቃ በዋና ልብስ መድረክ ላይ ወጣች፤ ይህን አክስቴ ፊት አናወራውም።

እኔ ግን ከሜዳው ይልቅ ጫፉ ላይ ያለውን አደባባይ ነው ስፈልግ የነበረው። ፖርታ ካፔና። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፣ አሁን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። ያኔ ሕንፃው የቅኝ ግዛት ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነው። እንግዲህ በ2001 ሮማዎች ሲጨፍሩ ሐውልታችን እዚያው ነበረ። 24 ሜትር ሆኖ ያንን ሁሉ ቢጫና ቀይ ባንዲራ ከላይ ሲያይ አምሽቷል። በቀጣዩ ዓመት መብረቅ መታው፣ በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 በአንቶኖቭ ተጭኖ ወደ አክሱም ተመለሰ። ቦታው ላይ አሁን ለመስከረም አንዱ የኒውዮርክ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ትንንሽ የጥንት ዓምዶች አሉ። የአክስቴ ልጅ በልጅነቱ እናቱ በዚህ ስታልፍ ቆማ ታማትብ እንደነበር ነገረኝ። እሱ ሐውልቱን የሚያስታውሰው ከስኩዴቶው፣ ከሊግ ዋንጫው፣ ጭፈራ ጋር ነው።

ያ ዋንጫ የቶቲ ብቸኛ የሊግ ዋንጫ ሆኖ ቀረ። ሁለት የጣሊያን ዋንጫ፣ ሁለት ሱፐር ካፕ ተጨምሮበት የክለብ ሀብቱ ያ ነው። በ2006 እግሩ ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶለት፣ አምስት ወር ሳይሞላ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር የዓለም ዋንጫ ወሰደ። በ2007 በ26 ጎል የአውሮፓ የወርቅ ጫማ አሸነፈ። እነዚህ ሪያል ማድሪድ ሄዶ ቢሆን ምን ያህል ይሆኑ ነበር? ቶቲ ራሱ አንድ ወቅት ለመሄድ ተቃርቦ እንደነበር ከጊዜ በኋላ ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቶቲን እንደ መናኝ የሚያቀርቡት ሰዎች አይመቹኝም። ሮማ ጥሩ ደመወዝ ትከፍለው ነበር። ከተማው እንደ ንጉሥ ነው የያዘው፤ የጥንቷን ሮም ሰባት ነገሥታት ገዝተዋል ይባላልና እሱን ስምንተኛው አሉት። ቡና ለመጠጣት እንኳን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም ነበር። መቆየቱ ጥቅምም ነበረው። ግን ከቪያ ቬቱሎኒያ እስከ ቺርኮ ማሲሞ በእግሬ ከሄድኩ በኋላ የገባኝ ነገር አለ። ይህ ሰው ያደገበት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዋንጫ ይዞ የተጨፈረለት ሜዳ፣ ሁሉም ቡናህ ሳይቀዘቅዝ የሚደረስ ነው። ለማድሪድ መፈረም ለሱ ክለብ መቀየር አልነበረም። ሰፈር መልቀቅ ነው። እሱ የሰፈር ልጅ ነው፤ ክለቡ የሰፈሩ ስለሆነ ነው የቀረው። የአክስቴ ልጅ በዚህ አይስማማም። «ሮማ ሚላኖ ብትሆን እንኳን አይሄድም ነበር» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

እሑድ ኦሎምፒኮ ሄድን። ከፍላሚኒዮ በ2 ቁጥር ትራም እስከ ፒያሳ ማንቺኒ፣ ከዚያ የቴቬሬን ወንዝ በድልድይ መሻገር ነው። ትኬቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ ፓስፖርት መያዝ ግድ ነው፤ በር ላይ ያዩታል። ድልድዩን እንደተሻገርን ፊት ለፊት የሙሶሎኒ ስም የተቀረጸበት ነጭ ሐውልት ቆሟል። እስካሁን አልፈረሰም። ወደ ስታዲየሙ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ደግሞ የእብነ በረድ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ የፋሺስቱን መንግሥት ታላላቅ ቀኖች የሚዘክሩ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ሜይ 9 ቀን 1936 አለ። ኢትዮጵያን ይዘን ኢምፓየር ሆንን ብለው ያወጁበት ቀን። ደጋፊው ድንጋዩ ላይ ቢራውን አስቀምጦ ሲጋራ ይለኩሳል። የሮማ ስካርፍ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ እዚያ ቆሜ አነበብኩት። ስሜቱ ደስ አይልም፣ ልደብቀው አልችልም። የአክስቴ ልጅ «እኔ ሁልጊዜ እቀመጥበታለሁ» አለኝ፣ ተቀመጠበትም።

ጨዋታው እንቅልፍ የሚያመጣ ነበር። የሮማ ቀንደኛ ደጋፊዎች የሚቀመጡበት ኩርቫ ሱድ ግን አያስተኛም። በመሀል «ካፒቴን አንድ ብቻ ነው» የሚለውን ዜማ አነሱ። እዚያ ከዘፈኑት ብዙዎቹ ቶቲ ሲጫወት ዳይፐር ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው።

መጨረሻው ግን ያን ያህል አያምርም። በ2016 መጀመሪያ ላይ ቶቲ ስለ ጥቂት መጫወቱ በቴሌቪዥን ቅሬታ ተናገረ፤ አሰልጣኙ ሉቻኖ ስፓሌቲ ከልምምድ ካምፕ ወደ ቤቱ ላከው። በአፕሪል ቶሪኖ ሮማን 2 ለ 1 እየመራ በ86ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባ፣ 3 ለ 2 አለቀ። 39 ዓመቱ ነበር። ሜይ 28 ቀን 2017 ከጄኖዋ ጋር ተሰናበተ። ማይክ ይዞ የጻፈውን ደብዳቤ አነበበ። እንደሚፈራ ተናገረ፤ ይህን ያህል ጊዜ ካፒቴን የነበረ ሰው ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን እንደማያውቅ። የአክስቴ ልጅ ዕለቱን ሲያስታውስ አሁንም ወደ ሌላ ያያል።

ከዚያ የክለቡ ኃላፊ አደረጉት። ሥራ ግን አልሰጡትም፤ ራሱ እንዳለው ውሳኔ ላይ አያማክሩትም ነበር። ጁን 17 ቀን 2019፣ ስኩዴቶው በተወሰደ ልክ በ18 ዓመቱ፣ እዚያው ስታዲየሙ ያለበት ፎሮ ኢታሊኮ ግቢ ውስጥ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠርቶ ሥራውን ለቀቀ። አሜሪካዊው ባለቤት ጄምስ ፓሎታና አመራሩ ላይ በግልጽ ተናገረ። ከሮማ መልቀቅ እንደ መሞት ነው አለ።

ከጨዋታው ስንወጣ ያ መግለጫ የተሰጠበትን ሕንፃ የአክስቴ ልጅ በጣቱ አሳየኝ። በዚያ ዓመት ተናዶ የዓመት ትኬቱን ሳያሳድስ ቀረ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ስታዲየሙም ተዘጋ። በሩ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች አንዱ እሱ ነበር።

«ለምን ተመለስክ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? እንደ እናቴ ላዚዮ ልሁን?» አለኝ።