ሪባኑ ሳይፈታ የተጣለው ኩኪስ

ሰኞ ጠዋት ነው። ሻዬን ጠጥቼ ስጨርስ የሻይ ከረጢቷን ልጥል የቢሮውን የቆሻሻ ቅርጫት ከፈትኩ። ከላይ፣ ከሙዝ ልጣጭ አጠገብ፣ የኔ ስጦታ ተቀምጧል። ላስቲኩ አልተከፈተም። ቀይ ሪባኑ እኔ እንደቋጠርኩት ነው። ስድስቱም ኩኪሶች ተደርድረው ይታያሉ። ሐሙስ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ቆሜ የጋገርኳቸው ናቸው።

ከዚያ ያደረግኩት ነገር ያሳፍራል። ግራ ቀኙን አይቼ፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ ካርዷን ገለጥኩ።

የማን እንደነበር አልናገርም። ዓርብ ዕለት «ውይ! ቤት ወስጄ ከልጆቹ ጋር ነው የምበላው» ብላ ያቀፈችኝ ሰው ናት።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ቅቤው፣ ቸኮሌቱ፣ ያጣሁት እንቅልፍ፣ ሁሉም ታወሰኝ። ለአሥራ ሁለት ሰው ነበር የጋገርኩት። ስንቱ ነው እንዲህ ያደረገው እያልኩ የሰዉን ፊት ማየት ጀመርኩ። ሐሙስ ላይ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እኔም እኮ አልበላሁትም» አሉኝ።

«እና የት አደረሱት?»

«ለጎረቤት ሰጠሁት። በጣም ወደዱት።»

«እርስዎ ያልበሉትን?»

«እኔ ነኝ የጋገርኩት አልኳቸው።»

መሳቅም መናደድም አማረኝ። ጋሼ ግን ቀጠሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከማያውቁት ወጥ ቤት የወጣ ነገር ይቀፋቸዋል። «አንቺን ጠልቼ አይደለም፣ ሳስበው ጉሮሮዬ ይዘጋል» አሉኝ።

«ሬስቶራንት ይበሉ የለ?» አልኳቸው።

«ሬስቶራንቱንማ አላስበውም። ያንቺን ግን አስበዋለሁ።»

ይቺ መልስ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። እውነታቸውን ነው። ሬስቶራንት ውስጥ የሚያበስለውን ሰው አናየውም፣ ስለዚህ የለም። የማውቀው ሰው ሲጋግርልኝ ግን ሁሉም ነገር ይታየኛል። ፀጉሩ፣ ጥፍሩ፣ ሲያስነጥስ አፉን የሚሸፍንበት እጁ። ጭራሽ ቅርበቱ ነው ነገሩን የሚያባብሰው።

እኔስ ብሆን? ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ኬክ ላከችልኝ። ከዚያ በፊት ቤቷ ገብቼ ድመቷ ሊጡ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ ስትንጎራደድ አይቻለሁ። ኬኩን ሳልቀምስ ጣልኩት። በማግስቱ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ግሩም ነው!» አልኳት። በወሩ ሌላ ኬክ ላከች፣ የመጀመሪያውን እጥፍ የሚያክል። ውሸቴ ያመጣብኝን ኬክ እንደገና መጣል ነበረብኝ። ታዲያ በየትኛው አፌ ነው ሰው የምወቅሰው?

በነገራችን ላይ ይህ የመቀፈፍ ነገር ተጠንቷል። ፖል ሮዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ሙከራ አለ። ለሰዎች ከአንድ ዓይነት ቸኮሌት የተሠሩ ሁለት ቁራጮች ቀረቡላቸው። አንዱ ተራ ቅርጽ ነበረው፣ ሌላው የውሻ ኩስ ይመስላል። ሁለቱም ያው ቸኮሌት መሆኑን ያውቃሉ። ግን የሁለተኛው ነገር አልሆነላቸውም። ከጀርም የጸዳ የሞተ በረሮ ለአፍታ ጠልቆ የወጣበት ጭማቂም ቀርቦላቸው ነበር። በረሮው ንጹሕ መሆኑ ቢነገራቸውም ጭማቂውን መጠጣት ከበዳቸው። ጋሼን «ኧረ ንጹሕ ነው፣ ሦስቴ ታጥቤያለሁ» እያልኩ መከራከሬን ያቆምኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ቀፈፈኝ የሚልን ሰው በማስረጃ አትረቱትም።

መጋገሬን ግን አላቆምኩም፣ ስለምወደው። አሰጣጤን ቀየርኩ። ደግሞ ሳስበው ከመቀፈፉ ሌላ እውነተኛ አደጋም አለ፣ እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ምንም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ አስቀድሜ መጠየቅ ጀመርኩ። አጠያየቁ ላይ ተሳሳትኩ። «ኩኪስ ብጋግርልሽ ትበያለሽ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ብትጠይቁ ማን ነው አልበላም የሚል? ይሉኝታ ይይዘዋል። ሁሉም «እንዴታ!» አለኝ። በሁለተኛው ዙር ጥያቄውን ወደ ምርጫ ለወጥኩት፦ «የታሸገ ሻይ ወይስ እኔ የጋገርኩት ኩኪስ?» እዚህ ጋ እምቢ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ሻይ አሉ። ሪባኗን ሳትፈታ የጣለችው ሴትዮም ሻይ አለች፣ ፈጠን ብላ። ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ግን አምስት እሽግ ኩኪስ ቅርጫት ውስጥ ከማየት ይሻላል።

ያስደነገጠኝ ሌላው ነገር ነው። አንዷ ባልደረባዬ ወደ ጎን ወስዳኝ፣ «ልጄ ለኦቾሎኒ አለርጂ አለበት፣ ኩኪሱ ውስጥ አለ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ የለም» አልኳት፣ ወዲያው። ማታ ዱቄት ስለካ ዓይኔ ብሌንደሩ ላይ አረፈ። ባለፈው ዙር ስኳሩን የፈጨሁበት እሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ ኦቾሎኒ ፈጭቼበታለሁ። በደንብ ታጥቧል? ምላጩን ፈታሁት። ከሥሩ፣ ጎማው ዙሪያ፣ ቡናማ ነገር ተጋግሮ ደርቋል። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት። ኦቾሎኒ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ኦቨኑ ያቃጥለዋል ብዬ እንዳልጽናና፣ የኦቾሎኒ አለርጂን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን በመጋገር አይጠፋም። ክፉኛ የሚነካውን ሰው ደግሞ ጥቂቱም ይበቃዋል። ለእናትየው ያን ማታውኑ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ያለፈውን ለልጁ እንዳልሰጠችው ስትነግረኝ ተቀመጥኩ። «እኔ ከቤት የመጣ ነገር አልሰጠውም፣ አትቀየሚኝ» አለች። ምን ብዬ ነው የምቀየመው?

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ እሽግ ላይ ወረቀት አለ። የገባው ነገር ሁሉ ይጻፍበታል፣ የተጋገረበት ቀንም። «ቅመም» ብዬ አላልፍም፣ የትኛው ቅመም እንደሆነ እጽፋለሁ። የገዛሁት ቸኮሌት ማሸጊያ ላይ «የለውዝ ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» ካለ እሱንም እገለብጣለሁ። ማሸጊያውንም ኩኪሱ ተበልቶ እስኪያልቅ አልጥልም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ሻጮች እንዲያሳውቁ የሚያስገድዳቸው 14 አለርጂ ቀስቃሾች አሉ። አሜሪካ ሰሊጥን ዘጠነኛ አድርጋ በዝርዝሯ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ በማሸጊያ ላይ መጻፉ ግዴታ የሆነው ደግሞ ከ2023 ጀምሮ። እኔ ሻጭ አይደለሁም፣ ማንም አያስገድደኝም። ግን ያ ዝርዝር ፍሪጄ ላይ ተለጥፏል። ጄላቲን ከገባም ከምን እንስሳ እንደሆነ እጽፋለሁ፣ ሃይማኖቱ የሚከለክለው አለና።

አሁን ደግሞ በጣም የማፍርበትን ልናገር። አንድ ጊዜ ከኩኪስ ወጣ ልበል ብዬ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በሚያማምሩ ጠርሙሶች ለስምንት ሰው ሰጠሁ። ሲያዩት ያምራል። «መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» ብዬ በካርድ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአጋጣሚ ሳነብ ደሜ ቀዘቀዘ። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚመጣ የቦቱሊዝም (ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ፣ ሊገድልም የሚችል የምግብ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ አሲድነቱ አነስተኛ ነው። ያለ ፍሪጅ ሲቀመጥ ባክቴሪያው ነቅቶ መርዝ ይሠራል። ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም የታመሙት ከፍሪጅ ውጭ በተቀመጠ፣ በዘይት ውስጥ ባለ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነው። ያ ደግሞ ፋብሪካ የሠራው ነበር።

ስምንት ስልክ ደወልኩ። «ያ የሰጠሁሽን ዘይት በልተሽው ከሆነ…» ብሎ መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። ሁለቱ በልተዋል፣ ደህና ነበሩ። አንዷ «አበባ ማስቀመጫ አጠገብ ለጌጥ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። በሕይወቴ ስጦታዬ ባለመበላቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ አሁን የምሰጠው ደረቅ ነገር ብቻ ነው። በደንብ የተጋገረ ኩኪስ ውስጥ ለባክቴሪያ የሚሆን ውሃ የለም፣ ያለችዋንም ስኳሩ ይዟታል። በክሬም የተሞላ ኬክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ ቶሎ ቶሎ ይራባል። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። እኔ ሰጥቼ ከሄድኩ በኋላ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደዋለ በምን አውቃለሁ? ክሬም ያለው ነገር እቤቴ ለመጣ ሰው ነው፣ እዚያው ተቆርሶ እዚያው የሚያልቅ። ኩኪሱንም ትኩሱን አላሽግም። የመጀመሪያ ጊዜ በችኮላ አሽጌው ላስቲኩ ከውስጥ አላበ። ኩኪሱ ረጠበ፣ በአራተኛው ቀን ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ማር ከገባበት ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ ብዬ እጽፋለሁ፣ እዚያም የቦቱሊዝም ጉዳይ አለ።

ሆዴን ሲያመኝ አልጋግርም። ትውከትና ተቅማጥ ከያዘኝ፣ ካቆመልኝ በኋላም 48 ሰዓት እጠብቃለሁ። ኖሮቫይረስ የሚባለው የሆድ ቫይረስ ከሆነ በጣም ጥቂቷ ቅንጣት ሰው ታሳምማለች፣ ሳኒታይዘርም ብዙ አይበግረውም፣ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያዋጣው። አንድ ጊዜ ባዶ እጄን ቢሮ ሄጄ «ሆዴን አሞኝ ስለነበር አልጋገርኩም» አልኩ። ሻይ መራጮች ከነበሩት አንዱ በሚቀጥለው ዙር ኩኪስ መረጠ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ያን ቀን ባትነግሪን ኖሮ አላምንሽም ነበር» አለኝ። ጓንት ሞክሬ ነበር፣ ለመታመን። ጓንቱን እንዳደረግኩ ስልኬን አንስቼ ሳወራ እህቴ አይታኝ እስክትፈርስ ሳቀች። ተውኩት። እጄን በሳሙና መታጠብ ይበቃኛል፣ ፀጉሬንም በሻሽ አስራለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ አፌን መያዝ ነው። «በላሽው? እንዴት ነበር?» የምትለዋን ጥያቄ። ሰውን ወደ ውሸት የምትገፋው እሷ ናት፣ እኔንም ከጎረቤቴ ጋር የገፋችኝ እሷ ናት። ሰጥቼ እሄዳለሁ፣ አልጠይቅም። ግን ቅርጫቱን ስከፍት ዓይኔ እስካሁን ቀይ ሪባን ይፈልጋል፣ ልማድ ሆኖብኛል።

ጋሼ ሁሌም ሻይ መራጭ ናቸው። ባለፈው ወር ግን ከአንዱ እሽግ ላይ የገባውን ነገር የያዘችውን ወረቀት አዩና፣ «እስቲ ይቺን ወረቀት ብቻ ስጪኝ» አሉኝ። መጠኑን ጀርባዋ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ኩኪስ ነው። ጠርዙ አሯል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቋል። ሳላስበው ገልብጬ ከሥሩ ወረቀት ፈለግኩ። የለም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ እየሳቁ። «ወጥ ቤቴን አታውቂውም አይደል?»

«ድመት አለዎት?»

«የለኝም።»

አንዱን ገመጥኩ።

«ጨው በዝቶበታል» አልኳቸው።

«ጎረቤቶቼም እንደዚያው አሉኝ» አሉ። «የበፊቱ ይሻላል አሉ።»